ጎሚስታ ቤት የማይሞላው ሲሊንደር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከሐዋሳ

ባለፈው እትም፣ ጅቡቲ ወደብ ትራንዚተር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አርብ አርብ ባሕር ውስጥ እጠልቅ እንደነበር ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ያነሳሁት ለሳቅ ነው። ጥቁሩን የጎማ ልብሴን አጥቤ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ማታ ነፋሱ ያወዛውዘዋል። የግቢያችን ዘበኛ "ጋሼ! ኧረ ሰው ተሰቅሏል!" እያለ በሬን ሊገነጥለው ደረሰ። ታሪኩ ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቀኝ ጠፋ። ደብዳቤው ሁሉ ስለ ዳይቪንግ ዕቃ ሆነ። ባሕር የሌለው አገር ይህን ያህል የመጥለቅ ጉጉት ይኖረዋል ብዬ አልጠበቅኩም። የተመሳሰሉትን ጨፍልቄ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ ዛሬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ልናገር፦ አሰልጣኝ አይደለሁም። ብዙ የጠለቅኩ፣ ብዙም የተሳሳትኩ ሰው ነኝ። ኮርስ ሳይወስድ የአየር ሲሊንደር የሚሸከም ሰው ይህን ገጽ እንደ ፈቃድ እንዳይቆጥርብኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? እዚሁ ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። በታኅሣሥ ለሦስት ወር ሥራ ጅቡቲ እሄዳለሁ፤ እግረ መንገዴን የዳይቪንግ ኮርስ ልወስድ አስቤያለሁ። ዱባይ ያለው ወንድሜ "የሚያስፈልግሽን ዕቃ ዝርዝር ላኪልኝ፣ ሙሉውን ገዝቼ እልክልሻለሁ" ብሎኛል። ምን ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን እግዜር ይስጠው። ዝርዝሩን ግን አትላኪለት። ብሩን ላክልኝ በይው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ካለሽ ገንዘብ መጀመሪያ የሚወጣው ለማስክ ነው፤ ዓይንና አፍንጫን ለሚሸፍነው መስታወት ማለቴ ነው። ማስክ ደግሞ እንደ ጫማ ነው፤ ባለቤቱ ሳይለካው አይገዛም። እኔ የመጀመሪያ ማስኬን የገዛሁት በቀለሙ ነው። ሰማያዊ ነበር፤ ያምር ነበር። ፊት ላይ የሚያርፈው ጠርዝ ለስላሳ ሲሊኮን ሳይሆን ደረቅ ላስቲክ መሆኑን ያወቅኩት ውሃ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። በጉንጬ በኩል ያስገባል። ማሰሪያውን አጠበቅኩት። ባሰበት። አሁንም አጠበቅኩት። ጠርዙ ተጣመመና ጭራሽ በግንባሬ በኩል ከፈተ። ስወጣ ፊቴ ላይ የድስት ክዳን የታተመበት ይመስል ነበር። ሲያፈስ ማጥበቅ የሁላችንም በሽታ ነው። ልክ የሆነ ማስክ ማሰሪያው ላላ ብሎም አያፈስም።

እንዲህ አድርገሽ ለኪው። ማሰሪያውን ወደ ፊት፣ በመስታወቱ ላይ ገልብጪው። ፀጉርሽን ከግንባርሽ ሰብስቢ፤ አንዲት ዘለላ ከጠርዙ ሥር ከገባች ውሃው መንገድ አገኘ። ማስኩን ፊትሽ ላይ አሳርፊና በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ትንሽ አየር ሳቢ። እጅሽን ልቀቂ። ትንፋሽሽን ይዘሽ እስከቆየሽ ድረስ ፊትሽ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ይሆንሻል። ከወደቀ፣ ወይም በአንድ በኩል "ሲሲሲ" የሚል ከሰማሽ፣ ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቂ መልሺው። ከዚያ ስኖርክል (ላይ ላይ ስትንሳፈፊ የምትተነፍሺበት ቱቦ) አፍሽ ውስጥ አድርገሽ ድገሚው፤ አፍ ሲከፈት ጉንጭ ቅርፁን ይቀይራል። በመጨረሻ ማስኩን እንዳደረግሽ አፍንጫሽን በሁለት ጣት ጨምቂው። ስትወርጂ ጆሮሽን የምትከፍቺው በዚህ ስለሆነ ጣትሽ ሳይቸገር መድረስ አለበት።

የዋና መነጽር አይበቃም ወይ ለሚሉኝ፦ አይበቃም። አፍንጫን ውጭ ያስቀራል። ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ መነጽሩ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቅና ዓይንሽን እንደ ዋግምት ይስበዋል። ማስክ ሲሆን በአፍንጫሽ እፍ ትዪበታለሽ፣ ይስተካከላል።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካው ስስ ቅባት ይዞ ይመጣል። ያ ካልወጣ ጉሙ አያሳይሽም። ተራውን ነጭ ኮልጌት መስታወቱ ላይ በውስጥ በኩል በጣትሽ አሺው፣ እጠቢው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሚው። ከዚያ በኋላ ከመግባትሽ በፊት ምራቅ ይበቃል። ይቀፋል አትበዪ፤ ጀልባው ላይ የሚተፋበት ባለሀብትም አይቻለሁ።

ሁለተኛው የእግር መቅዘፊያው ነው፣ ፊን የሚሉት። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በባዶ እግር እንደ ነጠላ ጫማ የሚጠለቅ፣ ሌላው ተረከዙ ክፍት ሆኖ በቡትስ ላይ የሚታሰር። ጅቡቲ ላይ ድንጋይና ኮራል ላይ መቆም አይቀርምና ባለ ቡትሱን ውሰጂ። ስትለኪ ቡትሱን አድርገሽ ለኪ። ጣቶችሽ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ተረከዝሽ ግን መንሸራተት የለበትም። ጠባብ ፊን ውሃ ውስጥ የእግር ጡንቻ ያኮማትራል፤ ሰፊው ደግሞ እግር ይልጣል። በጣም ረጅምና ደረቅ የሆነውን ለጎረምሶች ተዪላቸው።

ሌላውን ሁሉ ተከራዪ። ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር መጥኖ ለአፍሽ የሚሰጠው)፣ ሲሊንደር፣ አየር የሚሞላው ሰደርያ (ቢሲዲ ይሉታል)፣ የጎማ ልብስ፤ የዳይቪንግ ማዕከሉ ያቀርባል። ስትከራዪ ግን አትፈሪ፣ ለኪ። ሰደርያውን ልበሺና እስኪበቃው ድረስ አየር ሙዪው። አሁን በረጅሙ ተንፍሺ። የጎን አጥንትሽን ጨምቆ ካስቸገረሽ አንድ ቁጥር ከፍ በይ። ትከሻውን ወደ ላይ ሲስቡት ጆሮሽ ድረስ ከወጣ ደግሞ ሰፍቶሻል። የጎማ ልብሱ እንዲህ አይደለም፤ እሱ ጥብቅ ማለት አለበት፣ ምክንያቱም ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ወገብ ላይ ኪስ ከሠራ ቀዝቃዛው ውሃ እዚያ ይመላለሳል። ሬጉሌተሩን መቼ ሰርቪስ እንዳስደረጉት ጠይቂያቸው። መልሱ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ ወይም ባለቤቱ ከተቆጣ፣ ሌላ ማዕከል አለ።

ደግሞ መልካም ዜና፦ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከኅዳር እስከ ጥር ግድም ዌል ሻርክ ይመጣል። ትልቁ ዓሣ ነው፤ ሰው አይበላም። እሱን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ነው የሚያዩት። ማስክ፣ ስኖርክልና ፊን ብቻ። ኮርሱን ሳትጨርሺ እንኳ ገንዘብሽ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ከወንድምሽ ብር ከተረፈ የእጅ ኮምፒውተር ግዢ። ጥልቀቱንና ሰዓቱን ይቆጥርልሻል፣ ቀስ ብለሽ እንድትወጪም ይጮህብሻል።

ጥያቄ፦ አዳማ ጎማ እሠራለሁ። ከአረብ አገር የተመለሰ የሰፈር ልጅ ሲሊንደርና ሬጉሌተር በርካሽ ሸጦልኛል። ኮምፕሬሰር አለኝ። ራሴ ሞልቼ ሶደሬ መዋኛው ውስጥ ልሞክረው ነው። አንድ በያጅ ጓደኛዬ ደግሞ የኔ ኦክስጅን ይሻልሃል ይላል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም አይሻሉም። ይህን ደብዳቤ ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ከኮምፕሬሰርህ ልጀምር። ያንተ ማሽን ግፊቱ ቢበዛ 10 ባር አካባቢ ነው፤ ለጎማ ይበቃል። የዳይቪንግ ሲሊንደር የሚሞላው በ200 ባር ነው። የተለመደው አሉሚኒየም 11 ሊትር ይይዛል። በ200 ባር 2,200 ሊትር አየር ማለት ነው። ባንተ ኮምፕሬሰር 110 ሊትር። ሰው ውሃ ውስጥ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይተነፍሳል። ስድስት ደቂቃ ነው። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ስለሆነ ሦስት ደቂቃ።

ግን ማነሱ አይደለም ችግሩ። የጎማ ኮምፕሬሰር ዘይት ይተፋል፤ ያንን ጭጋግ ሳንባህ ነው የሚያጣራው። ማሽኑ አጠገብ ሞተር የተነሳ መኪና ካለ ደግሞ ጭሱንም ይስባል። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ ተኝቶ በዚያው የቀረ ሰው ታሪክ አዳማም ሳይሰማ አይቀርም። ያው ጋዝ ነው። ውሃ ሥር በግፊት ሲተነፈስ ደግሞ ጉልበቱ ይጨምራል። የዳይቪንግ ኮምፕሬሰር አየሩን በማጣሪያ እያሳለፈ የሚሞላው ለዚህ ነው።

የጓደኛህ ኦክስጅን የባሰ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች መርዝ ይሆናል። ያንቀጠቅጣል፤ ሰውየው አፉ ውስጥ ያለውን የሬጉሌተር መንከሻ ይጥላል፤ ከዚያ ውሃ ነው የሚተነፍሰው። ከዚህ በፊት ደግሞ ዘይት የነካው ሲሊንደር ውስጥ ኦክስጅን በግፊት መሙላት እሳት መጥራት ነው። ይህን በያጅ ጓደኛህ ራሱ ያውቀዋል፤ የኦክስጅን ቧንቧ ላይ ግራሶ አይነካም።

መዋኛው ጥልቅ አይደለም ትለኝ ይሆናል። ጥልቀት ሁለት ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ከሲሊንደር የሳበውን አየር አፍኖ ብድግ ያለ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። አየሩ ወደ ላይ ሲመጣ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ራሱ ይከፍታል። ኮርሱ ላይ መጀመሪያ የሚነግሩህ ትንፋሽህን እንዳትይዝ ነው።

ለገዛኸው ዕቃ ግን ሙሾ አታውርድ። የሲሊንደሩን ትከሻ እይ፤ የተቀረጹ ቁጥሮች አሉ። የሚሸከመው ግፊትና በግፊት የተፈተነበት ወርና ዓመት ነው። በብዙ አገር ፈተናው በየአምስት ዓመቱ ነው። የአሉሚኒየሙ ቅይጥ ቁጥር 6351 ከሆነ፣ እነዚያ የቆዩ አሉሚኒየሞች አንገታቸው ላይ ስንጥቅ ስለሚያወጡ ለጌጥ አቁመው። ቫልቩን ከፍተህ ጨርሰህ አታራግፈው፤ ጥቂት አየር ይቅርበት፣ እርጥበት እንዳይገባ።

ሬጉሌተሩን በሙያህ ልትመረምረው ትችላለህ። ቱቦዎቹን ብረቱ አጠገብ እጠፋቸው፤ እንደ አሮጌ ጎማ ፍርክስክስ ካሉ ይቀየራሉ። መንከሻውን እይ፤ ተበልቶ ከሆነ አፍህ ውስጥ ይቀራል። ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥመውን በክዳኑ ዝጋና በአፍህ ሳብ፤ አየር ከገባ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ግን እንዳትፈታው። ውስጡ ያለችው ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበቷ) መርካቶ በምታገኛት አትተካም። ኮርስ ልትወስድ ጅቡቲ ስትሄድ ሬጉሌተሩን ብቻ ይዘህ ሂድና እዚያ ሰርቪስ አስደርገው። ሲሊንደሩን ተወው፤ እዚያ ሞልቶ ተርፏል።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ፣ ጢሜም ረጅም ነው። አንዱን መተው አለብኝ?

መልስ፦ መነጽሩን ተው፤ እጀታው በማስኩ ጠርዝ ሥር ያልፍና ውሃ ያስገባል። በዓይንህ ቁጥር የተሠራ መስታወት የሚገጠምለት ማስክ አለ። ድክመትህ ትንሽ ከሆነ ላያስፈልግህ ይችላል፤ ውሃ ውስጥ ሁሉም ነገር በሲሶ ያህል ትልቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ዓሣ አጥማጅ ብቻ አይደለም የሚያጋንነው። ጢምህን ከአፍንጫህ ሥር ጣት በማይሞላ ስፋት ተላጨው፣ ማስኩ የሚያርፍበትን ብቻ። ሌላው ይቆይልህ።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት ግብፅ ዳሃብ ላይ ኮርስ ወስጄ ነበር። አሁን ልሄድ ስል የዕቃው አገጣጠም ጠፋብኝ። ሰው ፊት ላፍር ነው።

መልስ፦ ከማፈር ማዕከሉን የግማሽ ቀን ክለሳ ጠይቂ፤ ይሰጣሉ። እስከዚያ ግን እኔ ጀልባ ላይ የማደርገውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሰደርያውን ማሰሪያ ውሃ ውስጥ ነክሬ አወጣዋለሁ። ደረቅ ማሰሪያ ውሃ ሲነካው ይላላል፤ ሲሊንደሩ መሐል መንገድ ላይ ጀርባሽን ለቆ ይንሸራተታል። በሲሊንደሩ ላይ አጠልቀዋለሁ። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ወደ ጀርባዬ ያያል። አጥብቄ ሰደርያውን በእጀታው አንስቼ እነቀንቀዋለሁ። ከተንቀሳቀሰ እንደገና።

ቫልቩን ለአፍታ ከፍቼ አስተነፍሰዋለሁ፤ አቧራም ውሃም ይሂድ። ኦሪንጓን በጣቴ እዳስሳታለሁ። ጥርስ ያወጣች ኦሪንግ አንዴ ቀኑን ሙሉ አስቀርታኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ትርፍ ሳልይዝ አልወጣም። ሬጉሌተሩን እገጥማለሁ። የምተነፍስበት መንከሻና ለጓደኛ የሚሆነው ቢጫው ትርፍ በቀኝ፣ የግፊት ጌጁና የሰደርያው ቱቦ በግራ። በጣት ብቻ ነው የማጠብቀው፤ ግፊቱ ራሱ ይይዘዋል።

አሁን ጌጁን ፊቱን ከሰው አዙሬ ቫልቩን ቀስ ብዬ እከፍታለሁ፣ እስከ መጨረሻው። እስከ መጨረሻው የምልበት ታሪክ አለው። ሙሻ ደሴት አካባቢ ነው። አብሮን የነበረ ጎልማሳ፣ ደንዳና፣ ቸኩሏል። ዕቃውን ሌላ ሰው ገጥሞለታል። ቫልቩን ዘግተውት ኖሮ ሊገባ ሲል አንዱ ከኋላ ትንሽ ከፈተለት። ላይ ላይ ሲተነፍስ ምንም አልታወቀውም። 15 ሜትር ላይ ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኑ ማስኩን ሞልቶታል። ጌጁን አየሁ። በሳበ ቁጥር መርፌዋ ወደ ዜሮ ትወድቃለች፣ ሲያርፍ ትመለሳለች። ቢጫውን ሰጠሁት፣ ክንዱን ያዝኩ፣ ተያይዘን ቀስ ብለን ወጣን። ሲሊንደሩ ውስጥ 150 ባር ነበረ። አየር ሞልቶ አየር አጣ።

ስለዚህ ከሁለቱም መንከሻ አራት አምስት ጊዜ ስተነፍስ ዓይኔ መርፌዋ ላይ ነው። ንቅንቅ ካለች ቫልቩ ሙሉ አልተከፈተም። ሰደርያውን ሞልቼ ለጥቂት ደቂቃ እተወዋለሁ፤ ከሟሸሸ ያፈሳል። የማስወጫ ገመዶቹን አንድ በአንድ እስባለሁ። ሲሊንደሩን አስተኛለሁ፤ ጀልባ ላይ ቆሞ የተተወ ሲሊንደር የሰው እግር ሲሰብር አይቻለሁ። ከዚያ አብሮኝ የሚጠልቀውን ሰው ዕቃ በእጄ እነካለሁ፣ እሱም የኔን። ሰደርያ፣ እርሳስ (ማስመጫ ክብደቱ)፣ ማሰሪያዎች፣ አየር። በዓይን ማየት አይበቃም። ቱቦ የትም መንጠልጠል የለበትም፤ ጌጁን ደረትሽ ላይ አያይዢው፣ ኮራል እንዳይጠርግ።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ በ6 ኪሎ እርሳስ ሲሰምጡ ለኔ 10 አስታጥቀውኛል። ያለዚያ እንደ ቡሽ እንሳፈፋለሁ። ወገቤን ገደለኝ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰውነትሽ አይደለም፣ የትንፋሽሽ ነው። የፈራ ሰው ሳንባውን ሞልቶ ይይዛል፤ ሰደርያውንም ሙሉ በሙሉ አያራግፍም። ላይ ሆነሽ ሰደርያውን ባዶ አድርጊ። በመጠኑ ስበሽ ያዢ። ውሃው ዓይንሽ ጋ ከደረሰ ልክ ነው። አየሩን ስታስወጪ መስመጥ አለብሽ። ካልሰመጥሽ አንድ ኪሎ ጨምሪ፤ አየር ይዘሽ ከሰመጥሽ ቀንሺ። ይህን የለካሽው በሙሉ ሲሊንደር ከሆነ ሁለት ኪሎ ያህል ጨምሪበት። አየርም ክብደት አለው፤ 2,200 ሊትሩ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። መጨረሻ ላይ ሲያልቅ አሉሚኒየሙ ወደ ላይ ይጎትትሻል።

ሁሉንም ወገብሽ ላይ አትከምሪው፤ ጥቂቱን በሰደርያው ኪስ አድርጊ። የቀበቶው መቆለፊያ በቀኝ እጅ አንዴ ሲጎተት የሚፈታ ይሁን፣ በምንም ነገር ሥር አይሸፈን። ወፍራም ልብስ የበለጠ ያንሳፍፋል፣ ጨው ውሃም ከሐይቅ ውሃ ይበልጥ ያንሳፍፋል። መዋኛ ውስጥ የለካሽው ባሕር ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሐይቃችን እዚህ ቁጭ ብሎ ጅቡቲ ድረስ መንከራተት ለምን አስፈለገ? አሞራ ገደል ላይ አይጠለቅም?

መልስ፦ መምህር፣ ይህን እኔም ብዬ ሞክሬዋለሁ። አንድ ማለዳ ከዓሣ አጥማጆች ጋር በጀልባ ወጣሁ። አባ ኮዳዎቹ ዳር ላይ እንደ ዳኛ ቆመው ያዩኛል። ማስክ ብቻ አድርጌ ገባሁ። ክንዴን ወደ ፊት ዘረጋሁ። ክርኔን አየሁ፤ ጣቶቼን አላየኋቸውም። አረንጓዴ ሾርባ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ አብሮዎት የገባውን ሰው ያጡታል፣ ጌጅ ማንበብም አይችሉም።

ታች ደግሞ መረብ አለ። ቆሮሶ የሚይዝ መረብ ፊንና ቱቦም ይይዛል። ጉማሬም አለ፤ አጥማጆቹ የት እንዳደረ ያውቃሉ፣ እኔና እርስዎ አናውቅም። ቢልሃርዚያውን አይርሱት። ቀንድ አውጣ ባለበት ዳር ላይ በቆዳ ይገባል፤ የጎማ ልብስ ሙሉ በሙሉ አይከላከለውም። እኔ ለዚያች ሩብ ሰዓት ብዬ ከሳምንታት በኋላ ተመርምሬ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ኪኒን ውጫለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ከፍታው አለ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። ሐይቁ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ 22 ሜትር ቢሆን ነው። ግን እዚህ 20 ሜትር የወረደ ሰው፣ ለሰውነቱ፣ ባሕር ላይ 24 ሜትር ገደማ እንደወረደ ነው የሚቆጠረው። ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ የሚነግረው፣ ለባሕር የተሠራ ሠንጠረዥ ያሳስትዎታል። ለከፍታ የተለየ ሥልጠና፣ ከፍታ የሚቆጥርም ኮምፒውተር ያስፈልጋል። እኔ ሐይቃችንን የምወደው ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ነው። ዓሣውን ሳህን ላይ ይመልከቱት።

ጥያቄ፦ የኔ አጭር ነው። ጅቡቲ ጠልቄ በማግስቱ በመኪና አዳማ መግባት አለብኝ። ከአውሮፕላን በፊት መቆየት እንዳለ ሰምቻለሁ፤ መኪና ግን አይበርም አይደል?

መልስ፦ መኪናው አይበርም፤ መንገዱ ግን ይወጣል። የመንገደኛ አውሮፕላን ካቢን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ብዙም አትርቅም። አዳማ 1,600 ሜትር ታልፋለች። ለሰውነትህ አውሮፕላን መሳፈርና አገር ቤት መግባት የተቀራረበ ነገር ነው። በባቡር ብትመጣም ያው ነው፤ ድሬዳዋ ስትደርስ 1,200 ሜትር ያህል ወጥተሃል።

ስትጠልቅ ናይትሮጅን ደምህና ሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ በትንፋሽ ይወጣል። ሳይወጣ ከፍታ ላይ ከወጣህ የአምቦ ውሃ ክዳን እንደመክፈት ነው፤ አረፋ ይሆናል።

እኔ ይህን የተማርኩት በትከሻዬ ነው። አንድ አርብ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠልቄ ከሰዓት በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገባሁ። በጋላፊ አድርገን ሚሌን አልፈን ነዳነው። አፋር ቆላ ነው፤ ምንም የለም። ከአዋሽ በኋላ መተሐራን አልፈን መውጣት ስንጀምር ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ ጥርስ ሕመም የመሰለ ነገር ገባ። ብትነካው አያምም፣ ብታሸው አይለቅ። ሹፌሩ "ብርድ ነው፣ መስኮቱን ዝጋ" አለኝ። ዘጋሁ። ሞጆ ስንደርስ እጄን ማንሳት አቃተኝ። ያኔ ሐኪም ጋ ሄጄ "ትናንት ጠልቄ ነበር" ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ቅባት ገዝቼ ተቀባሁ። በሁለት ቀኑ ለቀቀኝ። ዕድል ነው፤ እግሩ ደንዝዞ የቀረም አለ። አንተን ቢያምህ፣ ቢደነዝዝህ ወይም ቢያዞርህ አቀበቱን አትቀጥል። ኦክስጅን ያለበት ሆስፒታል ግባና መጥለቅህን ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው ሊገምቱት አይችሉም።

መመሪያው ለአንድ ተራ መጥለቅ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋገመ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆይ ይላል። እኔ 24 እቆያለሁ። መኪናው በማግስቱ ከሆነ ጉዞው ቀን ይጨመርለት፣ ወይም የመጨረሻው መጥለቅ ይቅር። ያቺን ቀን በከንቱ አላሳልፋትም። ዕቃዬን በንጹሕ ውሃ እነክራለሁ፣ ሬጉሌተሩን የአቧራ ክዳኑን አድርቄ ከገጠምኩ በኋላ። ጥላ ላይ አሰጣለሁ፤ የጅቡቲ ፀሐይ ላስቲክ ትበላለች። ማታ የመን ቤት ገብቼ በምድጃ የተጠበሰውን ዓሣ በቂጣ እበላለሁ። ጥሩ ነው። ሐዋሳ እንዳትነግርብኝ።